ዲዝኒላንድ ፓሪስ ከልጆች ጋር፦ የቱ ላይ ይቆጠባል? የቱ ላይስ አይቆጠብም?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ከባለቤትሽ፣ ከ11 ዓመት ሴት ልጅሽና ከ4 ዓመት ወንድ ልጅሽ ጋር በኦገስት ዲዝኒላንድ ፓሪስ ሄዳችሁ አራት ሌሊት ለማደር አስባችኋል። የፓርኩ ሆቴል የሰጣችሁ ዋጋ ግን አስደንግጧችኋል። «ልጆቹን ሳናስከፋ ምኑን እንቀንስ?» ነው ያልሽው። እኛም ልጆቻችንን ይዘን በብርዱም በሙቀቱም ጊዜ ሄደናል። ስለዚህ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍልሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ያ ዋጋ ምን ምን እንደያዘ እንየው። የዲዝኒ ሆቴሎች ፓኬጅ በአብዛኛው ክፍሉን ብቻ አይደለም። በቆይታችሁ ላለው ለእያንዳንዱ ቀን የፓርክ መግቢያም አብሮ ይታሰብበታል። የምትደርሱበት ቀንም የምትወጡበት ቀንም ይቆጠራል። ስለዚህ አራት ሌሊት ማለት ለአራት ሰው የአምስት ቀን መግቢያ ማለት ነው። ያስደነገጣችሁ ቁጥር በብዛት የመጣው ከዚህ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ ፓርክ አይችልም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጁ የሚፈልገው መዋኛ ገንዳ ወይም ዝም ብሎ መተኛት ነው። ለማይጠቀምበት ቀን ከፈላችሁ ማለት ነው።

እኔ የማምንበት አንድ ነገር አለ። ልጆች የማያዩት ወጪ ላይ ጨክኑ፤ የሚያዩት ላይ ግን አትሰስቱ። የትኛው አውሮፕላን ማረፊያ እንዳረፋችሁ፣ አልጋው የማን ሆቴል እንደሆነ፣ ቀኑ ማክሰኞ ይሁን ቅዳሜ ልጅ ግድ አይሰጠውም። ቀኑን ሙሉ «አይሆንም፣ ውድ ነው» ሲባል ግን ይገባዋል። ያንን ደግሞ አይረሳም። ስለዚህ ቁጠባው ከቤት ሳትወጡ ማለቅ አለበት። በሩን ካለፋችሁ በኋላ እጃችሁ ትንሽ ላላ እንዲል ነው አስቀድሞ መጨከን።

ከቀን ብዛት እንጀምር። እዚያ ያሉት ሁለት ፓርኮች ናቸው። ዋናው ዲዝኒላንድ ፓርክ በፈረንጆቹ 1992 ተከፈተ። ለረጅም ጊዜ ዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮስ ሲባል የኖረው ሁለተኛው ደግሞ በ2002። በሩ ከበሩ ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው። ለእናንተ ዓይነት ቤተሰብ ሁለት ሙሉ ቀን ይበቃል ባይ ነኝ። አንድ ቀን ዋናው ፓርክ፣ አንድ ቀን ሁለቱንም እያፈራረቁ። በመሃል ግን አንድ የእረፍት ቀን አስገቡ። የእረፍቱን ቀን ፓሪስ ከተማ ውሰዷቸው። ሉቭር ሙዚየም ከ18 ዓመት በታች ያሉትን በነፃ ያስገባል። የከተማዋ አስተዳደር ሙዚየሞች፣ ለምሳሌ ካርናቫሌና ፔቲ ፓሌ፣ ቋሚ ስብስባቸውን ለማንኛውም ሰው በነፃ ያሳያሉ። ትንሹ ሙዚየም ካልወደደም ሰፋፊ መናፈሻዎች አሉ። ይሄ ቀን ከፓርክ ቀን ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው፤ እግርም ያርፋል።

የፓኬጁን አሠራር ለራሳችሁ ጥቅም ማዋልም ትችላላችሁ። አንድ ሌሊት ብቻ ዲዝኒ ሆቴል ያዙ። አንድ ሌሊት የሁለት ቀን መግቢያ ይሰጣችኋል። በመጀመሪያው ቀን በጠዋት ሄዳችሁ ሻንጣችሁን ሆቴሉ ጋ አስቀምጡና ፓርክ ግቡ። በማግስቱም እንደዚያው፣ ክፍሉን ለቃችሁ እስከ ማታ ተጫወቱ። የቀሩትን ሌሊቶች ረከስ ባለ ቦታ እደሩ። ልጆቹ በሚኪ ሆቴል አደርን ማለታቸው አይቀርም፣ እናንተም አራት ሌሊት አልከፈላችሁም። የሆቴሉ እንግዶች ፓርኩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ቀድመው ይገባሉ፤ ያቺ የጠዋት ሰዓት ወረፋ የሌለባት ስለሆነች ዋጋ አላት። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ግን ሁለቱ የፓርክ ቀናት ተከታታይ ይሆናሉ፤ የፓሪሱን ቀን ከኋላ አድርጉት።

አሁን ወደ ቀኑ። የመግቢያ ዋጋ እንደየቀኑ ይለያያል። በጣም ርካሹንና በጣም ውዱን ቀን ስታስተያዩ ልዩነቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ያው ፓርክ፣ ያው መጫወቻ ነው። የዋጋውን የቀን መቁጠሪያ ከፍታችሁ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱት፤ ከምንም በላይ የሚያዋጣ ሥራ እሱ ነው። ረከስ የሚለው የገና እረፍት ካለቀ በኋላ ጃንዋሪ ላይ፣ በማርች የሥራ ቀናት፣ ከሃሎዊን እረፍት በኋላ ኖቬምበር ላይ ነው። የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች የክረምትና የፀደይ እረፍት በሦስት ዞን ተከፋፍሎ ነው የሚወጣው። በዚህ ምክንያት ፌብሩዋሪና አፕሪል ላይ ግርግሩ ለሳምንታት ይዘልቃል። ፓሪስና አካባቢዋ ዞን ሲ ናቸው፤ ቢያንስ የዚያን ዞን እረፍት ሽሹ። ሜይ ላይ ደግሞ የበዓል ቀናት ይበዛሉ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የፈረንሳይ ሕፃናት ብዙዎቹ ትምህርት የላቸውም። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ይሻላሉ።

የብርዱ ወቅት ርካሽ የሆነበት ምክንያት ግን አለው፣ ልንገርሽ። ፓርኩ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ለጥገና የሚዘጉ መጫወቻዎችም በዚያን ጊዜ ይበዛሉ። የሚዘጉት ቀድመው ስለሚገለጹ ከመክፈላችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ። ልጃችሁ የሚያልምላት ያቺ አንዷ መጫወቻ ዝግ ከሆነች ቅናሹ ቅናሽ አይደለም። የትምህርት ቤት ጉዳይ ሆኖ ከኦገስት ውጪ ካልተመቻችሁ፣ የወሩን የመጨረሻ ቀናት ሞክሩ። የፈረንሳይ ቤተሰብ በዚያ ሰሞን ለትምህርት መክፈቻ ስለሚዘጋጅ ሰዉ ቀለል ይላል። በዚያም ላይ ከዓርብ ይልቅ እሑድ ማታ ገብታችሁ በሳምንቱ መሃል ብትቆዩ የሆቴሉም ዋጋ ይወርዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቸኳይ ነው። የልጆች ቲኬት ከ3 እስከ 11 ዓመት ነው። 12 ከሞላች የአዋቂ ዋጋ ትከፍላለች። የሚታየው በምትገቡበት ቀን ያላት ዕድሜ ነው። የልጅሽ ልደት መቼ እንደሆነ አልጻፍሽም፤ ከጉዞው በፊት የሚውል ከሆነ ጉዞውን ወደፊት ማምጣቱን አስቡበት። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያላችሁ ሌሎች አባላትም ልብ በሉ፤ ሕፃኑ በነፃ ነው የሚገባው።

በረራ ላይ ብዙ ሰው የሚሳተው ቦቬ የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው። ርካሽ አየር መንገዶች «ፓሪስ» ብለው ይሸጡታል። ከፓሪስ ግን በስተሰሜን 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ዲዝኒላንድ ያለው ደግሞ በስተምሥራቅ፣ ከከተማዋ 32 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከቦቬ ተነስቶ በአውቶቡስ ፓሪስ ገብቶ፣ ከዚያ በባቡር ለመውጣት ለአራት ሰው የሚወጣውን ገንዘብና ግማሽ ቀን ስትደምሩት ቅናሹ ብዙ ጊዜ ይበላል። ሻርል ደ ጎል ብታርፉ ፈጣኑ ባቡር ቴዤቬ ከአውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ተነስቶ በ10 ደቂቃ ገደማ ፓርኩ በር ላይ ያደርሳችኋል። ቲኬቱ አስቀድሞ ሲገዛ ይረክሳል፣ በዕለቱ ይወደዳል። ከፓሪስ ከተማ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ኤር ኢ ኤር ኤ የሚባለው መስመር አለ። የመጨረሻው ጣቢያ ማርን ላ ቫሌ ሼሲ ይባላል፤ ወርዳችሁ ቀና ስትሉ የፓርኩ መግቢያ ነው። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የባቡሩ ዋጋ በርቀት መለያየቱ ቀርቶ ወጥ ሆኗል። በ2025 ዋጋው 2.50 ዩሮ ነበር፤ ከዚያ በፊት ወደ ፓርኩ 5 ዩሮ ነበር። ከ4 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ግማሽ ይከፍላሉ። መኪና መከራየት ለዚህ ጉዞ አያስፈልጋችሁም። የፓርኩ የመኪና ማቆሚያ ራሱ በቀን የሚከፈልበት ነው።

ማደሪያ ላይ የእኔ ምርጫ ቫል ደሮፕ ነው። ከፓርኩ ጣቢያ በፊት ያለው ጣቢያ ሲሆን በባቡር የሁለት ሦስት ደቂቃ መንገድ ነው። ኩሽና ያላቸው የአፓርታማ ሆቴሎች እዚያ ይገኛሉ። ከጣቢያው አጠገብ ካለው የገበያ ማዕከል ውስጥም ኦሻን የሚባል ትልቅ ሱፐርማርኬት አለ። እኛ ስንደርስ መጀመሪያ የምናደርገው እዚያ ገብተን ወተት፣ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬና ውሃ መግዛት ነው። ቁርስ ክፍላችን ውስጥ ተበልቶ ይወጣል። ማታም የደከመ ልጅ ሬስቶራንት ውስጥ ቁጭ ብሎ ከሚነጫነጭ ፓስታ ቀቅሎ ማብላት ይቀላል። ኩሽናው ያስቀረልን ገንዘብ ከማናቸውም የቅናሽ ኩፖን ይበልጣል። ሌላው አማራጭ ከፓርኩ ጋር ስምምነት ያላቸውና ነፃ አውቶቡስ የሚያመላልሱ ሆቴሎች ናቸው። ስታስይዙ የቤተሰብ ክፍል ብላችሁ ፈልጉ፤ ሁለት ክፍል ከመያዝ ያድናል። የቱሪስት ታክስ በዋጋው ውስጥ መካተቱንም ጠይቁ። በዚያ አካባቢ ከ2024 ወዲህ በጣም ጨምሯል፤ የሚከፍሉት ግን አዋቂዎች ብቻ ናቸው።

«የምግብ ፓኬጅ እንጨምር ወይ?» ብለሻል። ልጅሽ 4 ዓመቱ ከሆነ እኔ አልጨምርም። ትንሽ ልጅ በደስታና በድካም መሃል ሆኖ የሚበላው ጥቂት ነው። የምግብ ፓኬጅ ደግሞ በተወሰነ ቦታና ሰዓት ቁጭ ብላችሁ እንድትበሉ ያስራችኋል። ሳንድዊች፣ መክሰስና ውሃ ይዞ መግባት ይቻላል። የማይፈቀደው ትልቅ የምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ ብርጭቆና ጠርሙስ ይዞ መግባት፣ ሜዳው ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ መብላት ነው። ለዚያ የተዘጋጀ ቦታ ከመግቢያው ውጪ አለ። ለእያንዳንዳችሁ የውሃ መያዣ ያዙ፤ መጸዳጃ ቤቶቹ አካባቢ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ አለ። በሙቀት ቀን አራት ሰው ውሃ እየገዛ ከዋለ የአንድ ምሳ ዋጋ ያህል ይሄዳል።

ይሄን ስል ቀኑን ሙሉ ከቦርሳ ብሉ ማለቴ አይደለም። በቀን አንዴ፣ ልጆቹ በመረጡት ቦታ፣ እዚያው የሚሸጠውን ግዙላቸው። አይስክሬሙም ይሁን የሚኪ ቅርጽ ያለው ኩኪስ፣ የሚያዩት ነገር እሱ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ ሰላምታ የሚሰጡባቸው ሬስቶራንቶች ግን በጣም ውድ ናቸው። ሚኪንና ልዕልቶቹን ተሰልፎ በነፃ ማግኘት ይቻላል። የመገናኛ ሰዓቱና ቦታው በፓርኩ አፕ ላይ ይወጣል። የራሳችሁን ፎቶ በራሳችሁ ስልክ ማንሳትም ይፈቀዳል፤ የፎቶ ፓኬጅ መግዛት ግዴታ አይደለም።

ወረፋን ለመዝለል የሚሸጠው ፕሪሚየር አክሰስ የሚባለው ነው። ለአንድ መጫወቻ፣ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ይከፈላል። ዋጋውም እንደ ቀኑ ግርግር ይወጣል ይወርዳል። ለአራት ሰው ሲባዛ አስቡት። እኔ ከመክፈል በፊት ጠዋትን ተጠቀሙበት እላለሁ። በሩ ከመከፈቱ በፊት ድረሱና በቀጥታ ፋንታሲላንድ ወደሚባለው የዋናው ፓርክ ክፍል ሂዱ። የፒተር ፓን መጫወቻ ወረፋ ቀኑን ሙሉ አይቀንስም፤ ጠዋት ግን ቶሎ ይደርሳችኋል። ዱምቦም እንደዚያው። ሰልፉ በሚያይልበት በቀትር ሰዓት ትልልቅ ጀልባዎቹን፣ ትርኢቶቹንና ሰልፍ የማይበዛባቸውን ነገሮች እዩ። ማታ ልጅ ያላቸው ሰዎች ሲወጡ ወረፋው እንደገና ይቀላል። በቤተ መንግሥቱ ላይ የሚታየው የማታ ትርኢት በመግቢያው ውስጥ የተካተተ ነው፤ እሱን ሳያዩ መሄድ አይገባም። ያን ቀን ትንሹን ከሰዓት በኋላ በጋሪ አስተኙት።

ሳትሄዱ የልጁን ቁመት ለኩ። ይሄን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ቢግ ተንደር ማውንቴን የሚባለው መጫወቻ ቢያንስ 1.02 ሜትር ይጠይቃል። ክራሽስ ኮስተር 1.07፣ ሃይፐርስፔስ ማውንቴን ደግሞ 1.20 ነው። የ4 ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ ልክ 1.02 ላይ ነው የሚሆነው። በሩ ላይ ደርሶ ተለክቶ የተመለሰ ልጅ ለቅሶው ልብ ይሰብራል። ቤት ውስጥ አውቆት ከመጣ ግን ችግር የለም። ካልደረሰም «ራይደር ስዊች» የሚባለውን ጠይቁ። አንዳችሁ ከትልቋ ጋር ስትሳፈሩ ሌላችሁ ትንሹን ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ የጠበቀው ሰው እንደ አዲስ ሳይሰለፍ ይገባል። ለዚህ ምንም ክፍያ የለውም፤ ለሠራተኛው መንገር ብቻ ነው። ክራሽስ ኮስተርና ራታቱዊ የሚባሉት መጫወቻዎች ላይ ደግሞ ለብቻቸው ለሚቀመጡ ሰዎች የተለየ መስመር አለ። ተለያይቶ መቀመጥ ካላስጨነቃችሁ አባትና ልጅ በዚያ ገብተው ረጅም ሰዓት ያተርፋሉ። እነዚህን ሁሉ ሞክራችሁ ልጅቷ በጣም የምትፈልገው አንድ ነገር ወረፋው ሁለት ሰዓት ከሆነ፣ ያኔ ለእሷና ለአንዳችሁ ፕሪሚየር አክሰስ ግዙ። ሳይጸጽታችሁ።

የማስታወሻ ዕቃ ጉዳይ። ከመሄዳችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ገንዘብ ቁረጡለትና ንገሩት። ለትልቋ በእጇ ስጧት። የራሷ ገንዘብ ሲሆን ዋጋ ማየት ትጀምራለች። ግዢውን ለመጨረሻው ቀን አቆዩት፤ መጀመሪያ ቀን የተገዛ መጫወቻ ወይ ይጠፋል ወይ ስትሸከሙት ትውላላችሁ። የዝናብ ልብስ፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የስልክ ባትሪ መሙያ ከቤት ያዙ። የዚያ አገር ዝናብ በኦገስትም ይመጣል። የሚታጠፍ ጋሪም ይዛችሁ ሂዱ። 4 ዓመቱ ነው፣ አልፎታል አትበሉ፤ በቀን የሚሄደው እርምጃ ብዙ ነው። እዚያ መከራየት ደግሞ በየቀኑ ያስከፍላል።

ክፍያን በተመለከተ፣ ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቁ። የሸንገን ቪዛ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ነፃ ነው። ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ማመልከቻውን ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ቪዛው እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ተሰርዞ ገንዘቡ የሚመለስበትን ሆቴል ብቻ ያዙ። ጥቂት ዩሮ ቢጨምርም ይሻላል። የፓርክ ቲኬት ከፓርኩ ወይም ከታወቀ ሻጭ ብቻ ግዙ። በማኅበራዊ ሚዲያ «ሁለት ቀን የቀረው ቲኬት በግማሽ ዋጋ» የሚል ሰው ቢመጣ ዝም ብላችሁ እለፉት። የዲዝኒላንድ ፓሪስ ድረ ገጽ ለተለያዩ አገሮች የተለያየ ቅናሽ ያወጣል፤ የምትኖሩበትን አገር ገጽ ከሌሎቹ ጋር አስተያዩ። እዚያ በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ «በዩሮ ወይስ በአገርሽ ገንዘብ?» ብሎ ከጠየቀ ዩሮ በሉ። በአገር ገንዘብ የሚለው ምርጫ የምንዛሪ ተመኑ መጥፎ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቹ የግድ ሚኪን ካላሉ፣ ኔዘርላንድ ውስጥ ካትስሆቨል ያለውን ኤፍተሊንግን እዩት። ከ1952 ጀምሮ ያለ፣ በደን ውስጥ የተሠራ የተረት ፓርክ ነው። ለ4 ዓመት ልጅ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ አላውቅም። ጀርመን ውስጥ ሩስት ያለው ዩሮፓ ፓርክ ደግሞ ለትልቋ ይሆናል፤ ሮለር ኮስተሩ ብዙ ነው። ሁለቱም ከ4 ዓመት በታች ያሉትን በነፃ ያስገባሉ፤ የእናንተው ትንሽ ግን ይከፍላል። ልጆቻችሁ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሲያወሩ የከረሙ ከሆነ ግን ዕቅዳችሁን አትቀይሩ። እዚያው ሂዱ።

የልጅሽን ልደት ወርና የምትነሱበትን ከተማ ብትጽፊልን ቀኑን አብረን እናያለን። ያንን የአራት ሌሊት ፓኬጅ ግን እስከዚያው አትክፈሉት።